የድሮ ካሴትን ወደ ፍላሽና ዲስክ መቀየር፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰው ከላፕቶፑ ጋር በፌስታል የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴትም ይዞልኝ ይመጣል። የሠርግ፣ የመልስ፣ የኒካህ፣ የክርስትና፣ የምርቃት። አንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን ደብዝዞ አይነበብም።

ሰው ከቆጪም ይምጣ ከአጂፕ፣ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ይህን ጻፍኩ። ላፕቶፕና ትንሽ ትዕግስት ያለው ሰው አብዛኛውን ቤቱ ሆኖ መሥራት ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ሐሳብ ያዙልኝ። ዲስኩ ለማሳያ ነው፤ ፍላሹ ይዞ ለመሄጃ ነው። ዋናው ንብረት ከካሴቱ መጀመሪያ የሚወጣው ፋይል ነው። እሱ በጥራት ወጥቶ በሁለት ቦታ ከተቀመጠ ሌላው ሁሉ በኋላ ይስተካከላል።

ካሴቴ ደህና ይመስላል። ለምን እቸኩላለሁ?

በሁለት ምክንያት። አንደኛው ካሴቱ ራሱ ነው። ምስሉ የተያዘው ፕላስቲክ ላይ በተለጠፈ ማግኔታዊ ዱቄት ነው። ማጣበቂያው በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ቀለሙ ይፈዛል፤ ምስሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይበዛል።

ሁለተኛው ዴኩ፣ ማለት የካሴት ማጫወቻው ነው። ቪኤችኤስ የሚባለው ትልቁ የቪዲዮ ካሴት ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የመጨረሻው አምራች፣ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ ዴክ መሥራቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዴክ የለም። ያለው በየቤቱ ቴሌቪዥን ሥር አቧራ የጠጣው ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ይደርቃል፤ ምስሉን ከካሴቱ የሚያነበው ሄድ ይበላል፤ መለዋወጫውም የሚገኘው ከሌላ የሞተ ዴክ ተነቅሎ ነው። ስለዚህ የሚሠራ ዴክ ካላችሁ ወይም የሚያውሳችሁ ጎረቤት ካለ ዘንድሮ ሥሩት።

ካሴቱ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ምንድን ነው?

ሻጋታ ነው። እኛ አገር ዝናቡ ብዙ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። ክረምት ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ ይሻግታል፤ ካሴትም እንደዚያው።

እንዲህ አድርጋችሁ እዩት። ካሴቱን ገልብጣችሁ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ስትጫኑ የፊቱ ክዳን ይነሳል። ጥቁሩ ሪባን ይታያል። ጤነኛ ከሆነ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ከዚያ በላይኛው መስኮት የተጠመጠመውን ጥቅል ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ጠርዙ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ወይም እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ እሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ካሴት ዴክ ውስጥ አታስገቡ። ሻጋታው ሄዱ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ የምታስገቡትን ደህና ካሴት ሁሉ ይበክላል። ሪባኑም ተጣብቆ ሊበጠስ ይችላል። አንድ እናት የባለቤታቸው ድምፅ ያለበት ብቸኛ ካሴት ነው ብለው ይዘው መጥተው ነበር። ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ሞክረውታል። የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ተጨማደዱ። የቀረው ተርፏል፤ ግን የጠፋው እሳቸው አጥብቀው የፈለጉት ምርቃቱ ያለበት ክፍል ነበር።

የሻገተውን ከሌሎቹ ለዩት። በፕላስቲክ አፍናችሁ አታስቀምጡት። ፀሐይ ላይም አታስጡት፤ ሙቀቱ ሪባኑን ያጣምመዋል። ጥላ ያለበት፣ ንፋስ የሚገባበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ካሴት ከፍቶ ማጽዳት ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ስትነኩት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

የሚሠራ ዴክ፣ ቢጫ ነጭ ቀይ ጫፍ ያለው ኬብል፣ የዩኤስቢ ካፕቸር፣ ላፕቶፕ፣ ባዶ ቦታ ያለው ሃርድ ዲስክ። ካፕቸር ማለት በአንድ ጎኑ የዴኩን ኬብል የሚቀበል፣ በሌላው ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት።

ቦታውን አስቀድማችሁ አስሉት። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ጥራት ስትቀዱ አንድ ሰዓት ወደ 3.6 ጊጋባይት ይይዛል። የሦስት ሰዓት ሠርግ 11 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ጥራት ቪኤችኤስ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም። «ፎርኬ አድርግልኝ»፣ ማለት በጣም ከፍተኛ ጥራት ይሁንልኝ የሚሉኝ አሉ። ካሴቱ ላይ የሌለ ዝርዝር ከየትም አይመጣም፤ ፋይሉ ብቻ ያብጣል።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?

ገንዘብ አታውጡ። አራት ነፃ ሶፍትዌሮች ሥራውን ይጨርሱታል። ከካሴት ለመቅዳት ኦቢኤስ፣ የተቀዳውን ወደ ሌላ ፎርማት ለመቀየር ሀንድብሬክ፣ ለማየትና ለመፈተሽ ቪኤልሲ፣ ዲቪዲ ለማዘጋጀት ዲቪዲስታይለር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሀንድብሬክ ዲቪዲ አይሠራም። ከዲቪዲ ወይም ከሌላ ቪዲዮ ወስዶ ኤምፒፎርና ኤምኬቪ የመሳሰሉትን የቪዲዮ ፋይል ዓይነቶች ያወጣል፤ ወደ ዲስክ መጻፍ ግን ሥራው አይደለም። «በርን የሚለው ቁልፍ የት ነው?» ብላችሁ አትድከሙ፣ የለም።

«ነፃ መቀየሪያ» እያሉ ኢንተርኔት ላይ ከሚለምኗችሁ ራቁ። ግማሹ ቪዲዮው መሐል ላይ የራሱን ጽሑፍ ያትማል፤ ሌላው አምስት ደቂቃ ቀይሮ ክፈል ይላል፤ ቫይረስ የሚያመጣም አለ። ሁልጊዜ ከባለቤቱ ድረ ገጽ አውርዱ። ያም ሆኖ ንቁ ሁኑ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 የሀንድብሬክ አንዱ የማውረጃ ሰርቨር ተሰብሮ ለማክ ኮምፒውተር የሚሆነው ፋይል ለጥቂት ቀናት በተመረዘ ተተክቶ ነበር። ያወረዳችሁትን በአንቲቫይረስ ሳታስፈትሹ አትክፈቱ።

ኬብሉን ሰካሁ፤ ሶፍትዌሩ ግን ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳየኛል።

መጀመሪያ ዴኩን ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ እዩ። እዚያም ምስል ከሌለ ችግሩ ከዴኩ ወይም ከኬብሉ ነው፤ ላፕቶፑን አትነካኩ። ኬብሉ ዴኩ ላይ «አውት» በሚለው በኩል መግባቱንም እዩ። «ኢን» ላይ ሰክቶ ግማሽ ቀን የደከመ ሰው አውቃለሁ።

ቴሌቪዥን ላይ ደህና ከታየ ወደ ሶፍትዌሩ ሂዱ። ካፕቸሯ ሁለት መግቢያ አላት፦ ቢጫው ኮምፖዚት ነው፤ ክቡ ባለ ብዙ ቀዳዳ ደግሞ ኤስ-ቪዲዮ። ሶፍትዌሩ ኤስ-ቪዲዮ ላይ ከተስተካከለ በቢጫው የሚመጣውን አያየውም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኮምፖዚት በሉት። አሥር ሰው ቢመጣ ስድስት ሰባቱ የሚፈታለት እዚህ ነው።

ካልሆነ ሌላ ፕሮግራም ካፕቸሯን ይዟት ይሆናል። በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚጠቀምባት። ሁሉንም ዝጉ። ዊንዶውስ ላይ የካሜራ ፈቃድ መዘጋቱንም እዩ፤ ኮምፒውተሩ ካፕቸሯን እንደ ካሜራ ነው የሚቆጥራት። ይህ ሁሉ ካልሠራ ድራይቨሩ (ካፕቸሯን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) አልተጫነም ወይም ለላፕቶፑ አይሆንም። መልካቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጣቸው የሚለያይ ካፕቸሮች ገበያው ላይ ሞልተዋል። ስለዚህ ስትገዙ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩ።

ምስሉ መጣ፤ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ወይም ወደ ላይ ይንከባለላል።

የፓልና የኤንቲኤስሲ ጉዳይ ነው፤ አገሮች የሚለያዩባቸው ሁለት የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓቶች ናቸው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ፓል ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ 720 በ576 ነጥብ። አሜሪካ የምትጠቀመው ኤንቲኤስሲ ነው። በሴኮንድ 29.97 ፍሬም፣ 720 በ480 ነጥብ።

እዚህ የተቀረጸ ካሴት ከሆነ ሶፍትዌሩን ፓል አድርጉት። ካሴቱ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ ኤንቲኤስሲ። ሁሉም ዴክ ግን ኤንቲኤስሲ ካሴት አያጫውትም። የዴኩ ፊት ላይ ወይም ጀርባው ላይ ሁለቱም ስሞች ተጽፈው እንደሆነ አንብቡ።

እየቀዳሁ ሳለ መብራት ሄደ። ፋይሉ አልከፈት አለኝ።

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። እኔም ደርሶብኛል። የአንድ ሠርግ ካሴት 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ደርሼ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ መብራት እልም አለ። የዚያን ጊዜ የምቀዳው በዴስክቶፕ ነበር። ስመለስ ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው፤ ግን በምንም አይከፈትም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤምፒፎር የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫው ነው። ቀረጻው መሐል ላይ ከተቋረጠ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል፤ ማጫወቻው ግራ ይገባዋል። ኤምኬቪ እንዲህ አይደለም። እየቀዳ ነው የሚጽፈው። መብራት ቢሄድ እስከዚያች ደቂቃ ያለው ይተርፋል።

ስለዚህ ኦቢኤስ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ አውትፑት፣ ከዚያ ሪኮርዲንግ ገብታችሁ ፎርማቱን ኤምኬቪ አድርጉት። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ፋይል በሚለው ዝርዝር ውስጥ «ሪመክስ ሪኮርዲንግስ» የሚል አለ። በጥቂት ደቂቃ ጥራቱን ሳይነካ ወደ ኤምፒፎር ይቀይረዋል።

«እኔ ላፕቶፕ ነው የምጠቀመው፣ ባትሪ አለው» ትሉኝ ይሆናል። ላፕቶፑ ይቆያል፤ ዴኩ ግን ይጠፋል። ያውም ሪባኑ ሄዱ ላይ እንደተጠመጠመ ነው የሚቆመው። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያው ምት ኃይለኛ ነው፤ የዴክ ፓወር የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ዴክ የሚበላው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ለኮምፒውተር የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የምታቆይ ዕቃ) ካሴቱን አቁማችሁ እንድታወጡ በቂ ጊዜ ትሰጣችኋለች። ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት በሄደ ቁጥር ዴኩን ከሶኬት ንቀሉት። መብራቱ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ከጸና በኋላ ሰኩት።

ድምፁና ምስሉ አይገናኝም። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። መዘግየቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው? ወይስ መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ እየቆየ ይሰፋል? በሁለቱ መካከል መድኃኒቱ ይለያያል።

ለመለየት ጭብጨባ ፈልጉ። ሠርግ ላይ ጭብጨባ አይጠፋም። መጀመሪያ ላይ አንድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ያዙ። እጁ ሲገጥምና ድምፁ ሲሰማ ያለውን ልዩነት አወዳድሩ።

ልዩነቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ቀላል ነው። ቪኤልሲ ላይ ቪዲዮው እየሄደ «ጄ» እና «ኬ» የሚሉትን ቁልፎች ስትጫኑ ድምፁ በ50 ሚሊ ሴኮንድ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። የሚገጥምበትን ቁጥር ያዙና ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ኦቢኤስ የድምፅ ሴቲንግ ላይ ያንኑ መጠን ሙሉ።

እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ላፕቶፑ ፍሬም እየዘለለ ነው። በሰዓት ጥቂት መቶ ፍሬም ቢጠፋ ብዙ ሴኮንድ ነው፤ 25ቱ አንድ ሴኮንድ ናቸውና። ካፕቸሯን በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ቻርጀሩን ሰኩ፤ ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ሲሆን ራሱን ያቀዘቅዛል። ብራውዘሩን፣ ቴሌግራሙን ሁሉ ዝጉ። የምትቀዱት ወደ ፍላሽ ሳይሆን ወደ ውስጠኛው ሃርድ ዲስክ ይሁን። ድምፁን ሁሉም ቦታ 48 ኪሎ ኸርዝ አድርጉት። አንዱ ቦታ 44.1 ሌላው 48 ሲሆን ሁለቱ ቀስ እያሉ የሚለያዩበት ጊዜ አለ።

የተቀረጸው በስልክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ስልክ በሴኮንድ የሚይዘው የፍሬም ብዛት ይለዋወጣል። ሀንድብሬክ ላይ ቪዲዮ በሚለው ክፍል «ኮንስታንት ፍሬምሬት» የሚለውን ምረጡ።

ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያሉ መስመሮች ይታያሉ።

የድሮ ቪዲዮ አንዱን ምስል በሁለት ዙር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮችን፣ ከዚያ ሙሉዎቹን። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ይህን ያውቅበታል። ፍላት ስክሪንና ኮምፒውተር ግን ሁለቱን ዙር አንድ ላይ ስለሚያሳዩ መስመሩ ይወጣል። ሀንድብሬክ ላይ ፊልተር በሚለው ክፍል «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን «ያዲፍ» አድርጉት፤ ይጠፋል። ዲቪዲ ልትሠሩበት ከሆነ ግን ተዉት። ዲቪዲ ይህን አሠራር ይቀበላል፤ ማጫወቻው ራሱ ያስተካክለዋል።

ሙሽሪት ወፍራ ታየችኝ።

አራት ለሦስት የሆነው ምስል አሥራ ስድስት ለዘጠኝ ተብሎ ተለጥጦ ነው። ሀንድብሬክ ላይ ዳይሜንሽን በሚለው ክፍል የሚታየውን መጠን 768 በ576 አድርጉት። በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይኖራል፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ራሱ እየለጠጠ ከሆነ ደግሞ በሪሞቱ አራት ለሦስት በሉት።

ኤምፒፎሩን ባዶ ዲስክ ላይ ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ያነበዋል፤ ቤት ያለው ዲቪዲ ግን «ኖ ዲስክ» ይላል።

ኪቶ ፉርዲሳ የሚማር አንድ ልጅ የወላጆቹን ሠርግ ለበዓል ሊያሳያቸው እንዲህ አድርጎ ሄዶ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና ተፈልቶ ማጫወቻው አልከፍትም አለው። ፋይሉ ደህና ነበር። ዲስኩ ግን የቪዲዮ ዲስክ አልነበረም፤ ፋይል የተቀመጠበት ዲስክ ነበር።

ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ የሚያውቀው ኤምፔግ-2 የሚባለውን ፎርማት ነው። ያውም በተወሰነ አደረጃጀት፣ «ቪዲዮ_ቲኤስ» በሚባል ማህደር ውስጥ። ዲቪዲስታይለር ይህን ሁሉ ያዘጋጅላችኋል። ቪዲዮውን ጎትታችሁ ታስገባላችሁ፣ ፓል ትሉታላችሁ፣ ከፈለጋችሁ የሙሽሮቹን ፎቶ የመግቢያ ገጽ አድርጋችሁ በርን ትሉታላችሁ።

ዲስኩ 4.7 ጊጋባይት ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን 4.38 ያሳያል። አልተታለላችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ሰዓት በደህና ጥራት ይገባል። ሦስት ሰዓት ካጨቃችሁበት በሴኮንድ የሚደርሰው ወደ 3.5 ሜጋቢት ይወርዳል፤ ጭፈራው ላይ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። ሠርጉን አንድ ዲስክ፣ መልሱን ሌላ ዲስክ አድርጉት።

ስትጽፉ ፍጥነቱን 4 ወይም 8 አድርጉት። በኃይል የተጻፈ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ ቢሄድም አሮጌ ሌንስ ይከብደዋል። ከመደመሪያው ምልክት ይልቅ የመቀነሻ ምልክት ያለበትን ባዶ ዲቪዲ ግዙ፤ የቆዩ ማጫወቻዎች እሱን ይበልጥ ይቀበላሉ። መጨረሻ ላይ «ፋይናላይዝ» መደረጉን፣ ማለት ዲስኩ መዘጋቱን አረጋግጡ። በቪዲዮ መቅረጫ ማሽን ተቀድቶ ፋይናላይዝ ያልተደረገ ዲስክ ያላችሁ ደግሞ ማሽኑን አትጣሉት፤ ዲስኩን የሚዘጋላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ ነው።

ፍላሹ ላይ ቦታ አለ፤ ግን «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ።

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት ነው። ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ቢሆንም። ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት ብታደርጉት ይቀበላል፤ ብዙ የዲቪዲ ማጫወቻና ሪሲቨር ግን ኤክስፋት አያነብም። ስለዚህ ለማሳያ የሚሆነውን ቅጂ ከ4 ጊጋባይት በታች አድርጉ ወይም ለሁለት ክፈሉት። ፎርማት ስታደርጉ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

ፎርማቱን በተመለከተ ኤች.264 በሚባለው አጨማመቅ የተሠራ ኤምፒፎር አብዛኛው የዛሬ ቴሌቪዥን ያጫውተዋል። ኤች.265 ቦታ ይቆጥባል፤ ግን የቆየ ቴሌቪዥን ድምፁን ብቻ ያሰማችኋል።

ማጫወቻ ልገዛ ነው። የትኛውን ልግዛ?

ስሙን አትጠይቁ፤ ዲስካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶ ገብታችሁ «ሁሉንም ያነባል» የማይላችሁ ሻጭ የለም። እኔ ሰው ሲልከኝ ሦስት ዲስክ ይዤ ነው የምሄደው። አንድ ቤት በርን የተደረገ ዲቪዲ፣ አንድ የድሮ ቪሲዲ (ሲዲ ላይ የተጻፈ ቪዲዮ)፣ አንድ ትንሽ የተጫረ። አንድ ፍላሽም እጨምራለሁ።

ዲስኩን አስገብቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ጤነኛ ማጫወቻ አንዴ ዞር ዞር ብሎ ያነባል። «ጭርር» እያለ ደጋግሞ የሚሞክርና ቆይቶ የሚከፍት ከሆነ ሌንሱ ደክሟል ማለት ነው፤ አዲስ ነው ቢሉኝም አልወስደውም። ከዚያ ወደ ዲስኩ መጨረሻ አዘልለዋለሁ። ደካማ ሌንስ መጀመሪያውን አንብቦ ጠርዙ ላይ ስታክ ያደርጋል። የዲቪዲ ሁለት ሰዓት ከመሐል ጀምሮ ወደ ውጭ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ የሠርጉ መጨረሻ ያለው ጠርዙ ላይ ነው።

ቪሲዲውን የምይዘው በምክንያት ነው። እኛ አገር ብዙ ቤት ያለው የድሮ ዲስክ ቪሲዲ ነው፤ አንዱ ሠርግ ሁለት ሦስት ሲዲ ላይ ተከፋፍሎ የተሰጠበት ዘመን ነበር። ብሉሬይ ማጫወቻ ዲቪዲ ያነባል፤ ቪሲዲ ግን ሁሉም አያነብም። ከዚያም በላይ የቤት ሠርግ ብሉሬይ ላይ መጻፍ አሁን አያስኬድም። ሶኒ እንኳ ባዶ ብሉሬይ ዲስክ ማምረቱን እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 አቁሟል። በዚያ ብር ጥሩ ዲቪዲና አንድ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ግዙ።

ጀርባውን እዩ። ፍላት ቴሌቪዥን ካላችሁ ኤችዲኤምአይ ያለው ይሁን። ቢጫ ነጭ ቀዩም አይቅር፤ እናት ቤት ያለው ወፍራሙ ቴሌቪዥን የሚፈልገው እሱን ነው። አንዳንድ አዲስ ቴሌቪዥን ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች የሉም፤ በምትካቸው የጆሮ ማዳመጫ የምትመስል አንዲት ቀዳዳ አለች። ለእሷ የሚሆን ኬብል ለብቻው ይገዛል።

ዘመዴ ከአሜሪካ ማጫወቻ ልላክልህ አለኝ። ይሆናል?

መጀመሪያ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። «100-240» የሚል ከሆነ ይሆናል። «120» ብቻ ከሆነ እኛ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል፤ የእኛ 220 ነው። ፓል የሚያጫውት መሆኑንም ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ማጫወቻዎች ኤንቲኤስሲ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው ሪጅን፣ ማለት ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንዲያጫውት እንደተፈቀደ የሚናገረው ቁጥር ነው። አሜሪካ ሪጅን 1 ናት፤ ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ውስጥ ናት። ይህ ግን የሚመለከተው ሱቅ የሚሸጥ የፊልም ዲስክ ነው። እናንተ ቤታችሁ የሠራችሁት የሠርግ ዲስክ ሪጅን የለውም፤ የትም ያጫውታል። ዲስኩን አሜሪካ ላለው ዘመድ የምትልኩ ከሆነ የሚያሳስባችሁ ፓል መሆኑ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ኤምፒፎሩን በፍላሽ ላኩለት።

ዲስኩ ተጭሮ መሐል ላይ ይቆማል።

ለስላሳ ጨርቅ በንፁህ ውሃ ትንሽ አርጥቡና ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን አታሽከርክሩ። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፤ የኮምፒውተር ሌንስ ቤት ያለው ያቃተውን ብዙ ጊዜ ያነባል። ካነበበ ቪዲዮ_ቲኤስ የሚለውን ማህደር እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ሀንድብሬክ ዲስኩን በቀጥታ ስትሰጡት ምንጩን አላገኘሁም ካላችሁ የተገለበጠውን ማህደር ስጡት።

ትንንሾቹ የካሜራ ካሴቶችስ?

ሚኒዲቪ ከሆኑ ምስሉ ራሱ ዲጂታል ነው፤ ስለዚህ በቢጫው ኬብል አትቅዱት። ካሜራው ላይ ፋየርዋየር የሚባል ትንሽ ቀዳዳ አለ። በእሱ ሲወጣ ጥራቱ ሳይቀንስ እንዳለ ይወርዳል፤ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ። የካሜራው ዩኤስቢ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ብቻ ነው የሚያወርደው። የዛሬ ላፕቶፕ ፋየርዋየር ስለሌለው ይህን ቀዳዳ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ፈልጉ።

ቀይሬ ጨረስኩ። ካሴቱን ልጣለው?

አትጣሉት። መጀመሪያ ፋይሉን ከመነሻ እስከ መጨረሻ እዩት፤ እየዘለላችሁ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ። ለቤተሰቡ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ነው አያት «ይቺ እኮ እገሌ ናት» የሚሉት። የሰዎቹን ስም አጠገባችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያንን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ከቪዲዮው ጋር በአንድ ማህደር አስቀምጡት።

ከዚያ አንዱን ቅጂ እናንተ ቤት፣ ሌላውን እህት ወይም ወንድም ቤት አድርጉ። ካሴቱን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ አጠንጥናችሁ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ቁም ሳጥኑን ክፈቱለት።